ለክፍል የተገዛ የፕላስቲክ ልብና የደም ሕዋሳት ሞዴል፦ የትኛው ዋጋውን ያወጣል?

በብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የልብና የደም ዝውውር ትምህርት የሚሰጠው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ በሚሳል ሥዕል ነው። ሥዕሉ ደሙ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ለማመልከት ይበቃል፤ ልብ ፊትና ጀርባ፣ ስስና ወፍራም ጎን ያለው አካል መሆኑን ግን ሊያሳይ አይችልም። እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ይህን ክፍተት ለመሙላት ብሎ አዲስ አበባ ውስጥ ከሚገኝ አንድ የላቦራቶሪ ዕቃ መደብር የገዛው ስብስብ በትክክለኛ መጠኑ የተሠራ ተከፋች የፕላስቲክ ልብ፣ በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የደም ቧንቧና የደም ሕዋሳት ሞዴል፣ እንዲሁም አንድ ቀጭን የማብራሪያ መጽሐፍ ይዟል። ዕቃውን በክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ ከተጠቀምሁበት በኋላ የደረስሁበት ድምዳሜ ልቡ ዋጋውን የሚያወጣ፣ የደሙ ሞዴል ግን የማያወጣ መሆኑ ነው።

ልቡ በእንጨት ማቆሚያ ላይ የተተከለ ሲሆን የፊተኛው ግድግዳ በትናንሽ ማግኔቶች ተይዞ ይነሣል። ገና ሳይከፈት ከውጭ የሚታየው ነገር እንኳ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። የአዋቂ ሰው ልብ የጨበጠ እጁን ያህል ሲሆን ክብደቱ በአብዛኛው ከ250 እስከ 350 ግራም ነው፤ ሞዴሉም መጠኑን በሚገባ ጠብቋል። ጫፉ ወደ ግራና ወደ ታች ያዘነበለ መሆኑ በትክክል ስለተሠራ፣ ልብ በግራ ደረት ብቻ ያለ የሚመስላቸው ተማሪዎች ሞዴሉን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ሲያዩት፣ አብዛኛው ክፍል ወደ ግራ ቢያጋድልም ሲሶ የሚሆነው ከደረት አጥንት ጀርባ ወደ ቀኝ እንደሚያልፍ ይረዳሉ። በገጹ ላይ ከፍ ብለው የተቀረጹት የልብ የራሱ ደም ቅዳ ቧንቧዎች፣ ማለትም ኮሮናሪዎቹ፣ መንገዳቸውን ስተው አልተቀመጡም። የግራው ለሁለት ይከፈልና አንዱ ቅርንጫፍ በሁለቱ የታችኛ ክፍሎች መካከል ባለው ቦይ ፊት ለፊት ሲወርድ ሌላው ወደ ጀርባ ይዞራል። በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው ሕመም ከእነዚህ ቧንቧዎች አንዱ ሲዘጋ ከፊቱ ያለው ጡንቻ ኦክስጅን አጥቶ የሚሞትበት ሁኔታ መሆኑን ለማስረዳት መምህሩ ጣቱን በቧንቧው ላይ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል።

ግድግዳው ሲነሣ አራቱ ክፍሎች ይገለጣሉ፤ የሞዴሉ ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። የቀኙ የታችኛ ክፍል ግድግዳ ስስ፣ የግራው ደግሞ ሦስት እጥፍ ያህል ወፍራም ሆኖ ተሠርቷል፤ ተማሪው ሁለቱን በጣቶቹ መካከል ይዞ ልዩነቱን ሲያገኘው ምክንያቱን ሳይነገረው ራሱ ይጠይቃል። ቀኙ ደሙን የሚገፋው አጠገቡ ወዳሉት ሳንባዎች፣ ያውም ብዙ ግፊት በማይጠይቅ መንገድ ነው፤ ግራው ግን ያንኑ ያህል ደም ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ማድረስ አለበት። ያንኑ ያህል የሚለው ነገር ለብዙ ተማሪ አይዋጥለትም፤ ወፍራሙ ጎን ብዙ ደም የሚረጭ ይመስለዋል። በእረፍት ላይ ያለ አዋቂ ልብ በአንድ ምት ከእያንዳንዱ ጎን 70 ሚሊ ሊትር ያህል ይረጫል፤ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ ወደ 5 ሊትር ይሆናል፤ ይህም በሰውነት ውስጥ ካለው ጠቅላላ ደም ጋር ተቀራራቢ ነው። ከሁለቱ ጎኖች አንዱ በትንሹ እንኳ ቢያስበልጥ ደሙ ወይ በሳንባ ወይ በቀረው አካል ውስጥ ይከማች እንደነበር ተማሪዎቹ በዚህ ስሌት በቀላሉ ይደርሱበታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቬይም በ1628 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው፣ ደም በጉበት ዘወትር እየተሠራ በየአካሉ የሚያልቅ ሳይሆን እየተመላለሰ የሚዞር መሆኑን ካስረዳባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ዓይነት ስሌት ነበር።

በቀኝ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው ቫልቭ ሦስት ክንፎች፣ በግራ ያለውና ማይትራል የሚባለው ደግሞ ሁለት ክንፎች አሉት፤ ሁለቱም ያለ ስሕተት ተሠርተዋል። ከክንፎቹ ጠርዝ ተነሥተው፣ ከግድግዳው ወደ ውስጥ ብቅ ካሉት ጡንቻዎች ጋር የሚያያዙት ጅማቶች በቀጫጭን የፕላስቲክ ክሮች ተመስለዋል። የጅማቶቹ ሥራ ቫልቩን ጎትቶ መክፈት ሳይሆን፣ የታችኛው ክፍል ሲኮማተር ክንፎቹ ወደ ላይ እንዳይገለበጡ አጥብቆ መያዝ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በእጄ አልገባም። ማይትራል ቫልቭ በተለይ በአገራችን ክፍል ውስጥ ረጅም ጊዜ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ በልጅነት በሚገባ ያልታከመ በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የሩማቲክ ልብ ሕመም ከሁሉ አብልጦ የሚያጠቃው ይህንኑ ቫልቭ ነው። ክንፎቹ ይወፍራሉ፣ ጠርዛቸው እርስ በርስ ይጣበቃል፣ ጅማቶቹም ያጥራሉ፤ በዚህ ምክንያት ደሙ ወይ በጠበበ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ያልፋል ወይ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሐኪም በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው ያልተለመደ ድምፅ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ጤናማ ልብ የሚያሰማቸው ሁለት ድምፆች የቫልቮች መዘጋት ድምፆች ናቸው፤ የመጀመሪያው በላይኛና በታችኛ ክፍሎች መካከል ያሉት የሁለቱ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከግራው ጎን ደሙን ወደ መላው አካል በሚያወጣው ትልቅ ቧንቧ፣ ማለትም በአኦርታ፣ እንዲሁም ወደ ሳንባ በሚሄደው ቧንቧ በር ላይ ያሉት የሁለቱ ነው።

ይህን ሁሉ ካመሰገንሁ በኋላ ቅሬታዬን ላቅርብ። የጅማት ክሮቹ ከሚገባው በላይ ደካሞች ስለሆኑ የእኛው ሞዴል ከማይትራል ቫልቭ ክሮች ሁለቱን ገና በመጀመሪያው መንፈቅ አጥቷል፤ መለዋወጫ ስንጠይቅ ሻጩ እንደሌለውና እንደማያስመጣም ነገረን። ለተማሪ እጅ ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ በተማሪ እጅ መነካትን መቻል ነበረበት። ከዚህ የሚከፋው ግን በአኦርታ ሥር ያለው ጉድለት ነው። በእውነተኛው ልብ ውስጥ ከአኦርታ ቫልቭ ክንፎች ወዲያው ከፍ ብሎ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከቀኙ ቀዳዳ የቀኙ፣ ከግራው ደግሞ የግራው ኮሮናሪ ይነሣል። በዚህ ሞዴል የቀኙ ቀዳዳ ብቻ ተበስቷል፤ የግራው ቧንቧ በውጭ ገጽ ላይ ተቀርጾ ሳለ በውስጥ በኩል መነሻ የለውም። ነገሩ የማይረባ ዝርዝር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ልብ በውስጡ ከሚያልፈው ደም በቀጥታ እንደማይመገብና እንደ ማንኛውም አካል የራሱ ቧንቧዎች እንደሚያስፈልጉት ለተማሪ በዓይኑ የሚታየው በእነዚህ ሁለት ቀዳዳዎች ነው፤ የግራ ጎን ጡንቻ በሚኮማተርበት ጊዜ ቧንቧዎቹን ስለሚጨምቅ ደሙን በአብዛኛው የሚያገኘው ልቡ ሲላላ መሆኑም የሚተረከው ከዚሁ ቦታ ተነሥቶ ነው።

ሞዴሉ ጭራሽ የማያሳየው ነገርም አለ። የልብን ምት የሚያስነሣው በቀኙ የላይኛ ክፍል ግድግዳ፣ ከላይ የሚመጣው ትልቁ ደም መልስ ቧንቧ በሚገባበት አካባቢ ያለ ልዩ ሕብረ ሕዋስ ነው። ከዚያ የሚነሣው የኤሌክትሪክ ምልክት በላይኛ ክፍሎቹ ከተሠራጨ በኋላ በመካከለኛው ጣቢያ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይዘገያል፤ የታችኞቹ ክፍሎች ከመኮማተራቸው በፊት እስኪሞሉ ጊዜ የሚያገኙት በዚህ መዘግየት ነው። ከዚህ ሁሉ በሞዴሉ ላይ አንዲት ቢጫ መስመር እንኳ የለችም፤ መምህሩ ከፈለገ ራሱ በቀለም መጨመር ይኖርበታል። ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ መኖር የነበረበት ሞላላ ጎድጓዳ ምልክትም ተዘሏል። ጽንስ በማሕፀን ሳለ ሳንባው ስለማይሠራ ደሙ በዚያ ቦታ ባለ ክፍት መንገድ ከቀኝ ወደ ግራ ያቋርጣል፤ ከተወለደ በኋላ መንገዱ ይዘጋል፤ ከአራት አዋቂዎች በአንዱ ገደማ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም ይቀራል፣ አብዛኞቹም ሳያውቁት ይኖራሉ።

ቀለሙን በተመለከተ ዕቃው ከሌሎች መሰል ዕቃዎች የተለየ ጥፋት የለበትም፤ ቢሆንም መምህሩ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። በቀኝ ጎን ያለው ሁሉ ሰማያዊ፣ በግራ ያለው ቀይ ሆኖ ስለተቀባ፣ ኦክስጅን ያነሰው ደም ሰማያዊ ነው የሚለው እምነት ከክፍል ክፍል ይተላለፋል። የሰው ደም ምንጊዜም ቀይ ነው፤ ኦክስጅኑን ሲያራግፍ ይጠቁራል እንጂ ሰማያዊ አይሆንም፤ ለምርመራ ከክንድ የተቀዳ ደም ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ከቆዳ ሥር ያሉት ደም መልሶች ሰማያዊ የሚመስሉት ብርሃን በቆዳ ውስጥ ገብቶ በሚመለስበት አኳኋን ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ቀለሙ አንድ ጠቃሚ ጥያቄ ያስነሣል፦ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ሰማያዊ፣ ከሳንባ የሚመለሱት አራቱ ደም መልሶች ደግሞ ቀይ ሆነው መታየታቸው ተማሪዎችን ያደናግራቸዋል፤ ደም ቅዳ ማለት ከልብ የሚወጣ፣ ደም መልስ ማለት ወደ ልብ የሚመለስ እንጂ የኦክስጅን መጠን መለያ አለመሆኑ የሚገባቸውም ከተደናገሩ በኋላ ነው።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከማውጣት የበግ ልብ ለምን አይበቃም የሚል ባልደረባ አይጠፋም፤ ክርክሩም መሠረት አለው። የበግ ልብ እንደ ሰው ልብ አራት ክፍሎችና አራት ቫልቮች አሉት፤ ጅማቶቹ አይበጠሱም፤ በአኦርታው በኩል ውኃ ሲንቆረቆር የቫልቩ ሦስት ክንፎች ተነፍተው ሲገጥሙ ማየት ደግሞ ከየትኛውም ፕላስቲክ አይገኝም። ነገር ግን ሥጋ ቤት የሚሸጠው ልብ የላይኛ ክፍሎቹና ትልልቅ ቧንቧዎቹ ተቆርጠው የተጣሉ ነው፤ በቄራ የሚያልፈው የበሬ ልብ ደግሞ የኮሶ ትል እጭ መኖር አለመኖሩን ለማየት በሥጋ መርማሪ ቢላዋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ልቡን ከነቧንቧው ለማግኘት ከአራጁ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይጠይቃል። ትምህርቱ ከዐቢይ ጾም ጋር ሲገጥም አብዛኞቹ ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ ይህም አይቻልም፤ ፕላስቲኩ ግን ፍስክና ጾም አይለይም። የእኔ አስተያየት ሁለቱን አብሮ መጠቀም ነው፤ መንገዱን በሞዴሉ አስተምሮ፣ ሥራውን በበጉ ልብ ማሳየት።

አሁን ወደ ደሙ ሰሌዳ ልለፍ። ሰሌዳው አንድ የተቆረጠ ቧንቧ ያሳያል፤ በውስጡም ቀይ ሕዋሳት፣ ነጭ ሕዋሳትና ደም እንዲረጋ የሚረዱት ፕሌትሌቶች ተለጥፈዋል። ቀይ ሕዋሳቱ ከሁለቱም ጎን የተሰረጎዱ ሆነው በትክክል ተቀርጸዋል፤ አንዱ መሐል ለመሐል ተቆርጦ ኒውክሊየስ እንደሌለው እንዲታይ መደረጉም ጥሩ ነው። አምስቱ የነጭ ሕዋስ ዓይነቶች በኒውክሊየሳቸው ቅርጽ ተለይተዋል፤ ይህም ለምሳሌ ኢዮሲኖፊል የሚባሉት በሆድ ትላትል በተያዘ ሰው ደም ውስጥ ለምን እንደሚበዙ ለመናገር መንገድ ይከፍታል። ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ዋናው ጥፋት የቁጥር ነው። በሰሌዳው ላይ ለአምስት ቀይ ሕዋስ አንድ ነጭ ሕዋስ ተሰጥቷል። በእውነቱ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን ቀይ ሕዋሳት ሲኖሩ ነጮቹ ከ4,000 እስከ 11,000፣ ፕሌትሌቶቹ ደግሞ ከ150,000 እስከ 450,000 ናቸው፤ ለአንድ ነጭ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀይ ሕዋሳት አሉ ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ያን ሁሉ ማስፈር እንደማይቻል ግልጽ ነው፤ ይሁንና ከሥር አንድ መስመር ማስታወሻ ማተም ምንም ወጪ አልነበረውም። በሰሌዳው ላይ እንዳለው ያለ ደም ያለው ሰው ቢኖር በነጭ ሕዋሳቱ ብዛት ሐኪሞች ወዲያው ሉኪሚያን፣ ማለትም የደም ካንሰርን፣ በጠረጠሩ ነበር። ፕሌትሌቶቹም እሾሃማ ኮከብ ሆነው ተሠርተዋል። በጤናማ ቧንቧ ውስጥ የሚዘዋወር ፕሌትሌት ለስላሳ ድቡልቡል ዝርግ ነው፤ እሾህ የሚያወጣው ቧንቧ ሲቆስልና ሥራ ሲጀምር ብቻ ነው፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ቧንቧ ደግሞ ምንም ቁስል የለውም።

ከዚህ በላይ ያሳዘነኝ የፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ነገር ነው። ከደም 55 በመቶ ያህሉ ፕላዝማ ሆኖ ሳለ በሰሌዳው ላይ በሕዋሳቱ መካከል ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ተማሪውም ደም ማለት ሕዋሳት ብቻ እንደሆነ አስቦ ይወጣል። ፕላዝማ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ቢሆንም የቀረው ጥቂት ክፍል ብዙ ሥራ ያከናውናል። አልቡሚን ውኃውን በቧንቧ ውስጥ ይዞ ያቆያል፤ በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን እግሩ የሚያብጥበት አንዱ ምክንያት የዚህ ፕሮቲን ማነስ ነው። ፋይብሪኖጅን ቁስል ሲያጋጥም ወደ ክር ተለውጦ ደሙን ያረጋል፤ ግሎቡሊኖች የመከላከያ አካላትን ይይዛሉ፤ ስኳሩ፣ ሆርሞኑና ወደ ኩላሊት የሚሄደው ዩሪያም የሚጓዙት በዚሁ ፈሳሽ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንኳ ወደ 70 በመቶ የሚሆነው ባይካርቦኔት ሆኖ በፕላዝማ ይጓዛል፤ ቀይ ሕዋስ ኦክስጅንን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ተሸክሞ ይመለሳል የሚለው የተለመደ አነጋገር በካርቦን ዳይኦክሳይዱ በኩል ከግማሽ በታች ብቻ እውነት ነው። ለዚህ ትምህርት ከሰሌዳው ይልቅ፣ እንዳይረጋ ሲትሬት የተጨመረበት የበግ ደም በመስታወት ቱቦ ውስጥ ሆኖ በሴንትሪፊዩጅ (በፈጣን ማሽከርከሪያ) ሲለያይ ማሳየት ይበልጣል፤ ከላይ ገለባ መሳይ ቢጫ ፈሳሽ፣ ከታች ቀይ፣ በመካከላቸው ደግሞ የነጭ ሕዋሳትና የፕሌትሌቶች ስስ ንጣፍ በግልጽ ይታያል። የሰው ደም በክፍል ውስጥ መጠቀም በጉበት ቫይረስና በኤች አይ ቪ አደጋ ምክንያት ፈጽሞ አይገባም።

የማብራሪያው መጽሐፍ በአጭሩ የሚታለፍ ነው። የቀይ ሕዋስ ዕድሜ 120 ቀን ገደማ መሆኑን፣ በመቅኔ ተሠርቶ በጣፊያና በጉበት እንደሚፈርስ፣ ካርል ላንድስታይነርም የደም ዓይነቶችን በ1901 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀ በትክክል ጽፏል። በከፍተኛ ቦታ የሚኖር ሰው ሁሉ ቀይ ሕዋሱ እንደሚበዛ የሚናገረው አንቀጽ ግን ለእኛ ተማሪዎች አይሆንም። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ በቀይ ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ የሄሞግሎቢን፣ መጠናቸው በባሕር ጠለል ካሉ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል፤ ይህም ከአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች የተለየ ነው። የአገራችን ምሳሌ የመጽሐፉን ደንብ ማፍረሱ ለክፍል ውይይት ጥሩ ርእስ ሆኖልኛል።

ለመግዛት የሚያስብ ትምህርት ቤት ልቡን ከነሰሌዳው ሳይሆን ለብቻው እንዲሸጥለት ይጠይቅ። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እዚያው መደብር ውስጥ ከፍቶ፣ ከሳንባ የሚመለሱት ቧንቧዎች አራት መሆናቸውን፣ የቀኙ ቫልቭ ሦስት የግራው ሁለት ክንፍ እንዳላቸው፣ በአኦርታ ሥርም ሁለቱም ቀዳዳዎች መበሳታቸውን በዓይኑ ይይ፤ ማግኔቶቹም ሞዴሉ ሲገለበጥ ግድግዳውን ይዘው መቆየታቸውን ይሞክር። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት፣ በትክክለኛ መጠን የተሠራው ከኋላ ለተቀመጡት ስለማይታይ፣ ወይ ተማሪዎቹን በቡድን ከፋፍሎ ያስተምር ወይ አቅሙ ከፈቀደ በእጥፍ አጉልተው የሚሠሩትን ይምረጥ። ለሰሌዳው ሊወጣ በነበረው ገንዘብ ቀለም የገባባቸውና ተዘጋጅተው የሚሸጡ የሰው ደም ስላይዶችን መግዛት ይሻላል፤ ትምህርት ቤቱ ያለው ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ተማሪው በሐምራዊ ኒውክሊየሱ የሚታወቀውን አንድ ነጭ ሕዋስ ለማግኘት ስንት ቀይ ሕዋስ ማለፍ እንዳለበት ራሱ እየቆጠረ ይፈልጋል።